በኩባንያው ጣራ ሥር

ዴቪድ እናቱን በወለል እጥበት ለማገዝ እሺ የሚለው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ በሩ ከውስጥ መቀርቀር አለበት። ወንድ ልጅ ተንበርክኮ ወለል ሲፈገፍግ ጎረቤት ካየ ወሬው ሳይመሽ ከፎቅ ፎቅ ይዳረሳል። አግነስ ሀንተር በሩን ትቀረቅራለች፣ ልጇ እጅጌውን ይሰበስባል፣ ባልዲው ይቀርባል። ሥራው የይስሙላ አልነበረም። እናቱ ኋላ ላይ እንደመሰከረችለት፣ ሲጠርግ የበር ምንጣፉን ሳይቀር አንስቶ ከሥሩ ያለውን አቧራ ያወጣ ነበር።

ልጁ በኋላ ዓለም ያወቀው ዴቪድ ሊቪንግስተን ነው፤ ሐኪም፣ ሚስዮናዊ፣ ቪክቶሪያ ፏፏቴን ለአውሮፓውያን ያስተዋወቀ ተጓዥ። ስለ ጉዞው ብዙ ተጽፏል። እኔን የሳበኝ ያ ወለልና ወለሉን የረገጡት ሰዎች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስኮትላንድ መንደር በደመወዝ የሚያድር ቤተሰብ እንዴት ይኖር እንደነበር ይህን ያህል ቀርበን የምናይበት ቤት ጥቂት ነው፤ የሠራተኛ ጓዳ ጎድጓዳ በጽሑፍ የሚሰፍረው ከውስጡ ዝነኛ ሰው ሲወጣ ነውና። ዴቪድ በ1857 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ መግቢያ ላይ ስለ ልጅነቱ ጥቂት ገጾች ጽፏል። ቄስ ዊልያም ብሌይኪ ደግሞ በ1880 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትም ከቤተሰቡ የተገኘውን ትዝታ ጨምሮበታል። ብሌይኪ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበርና ቤቱን ትንሽ አሳምሮ ማቅረቡ አይቀርም። ቢሆንም እንደ በር ምንጣፉ ያለ ዝርዝር ሰው ከልቡ ካላስታወሰው በቀር አይፈጥረውም ብዬ አምናለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱን ግን በእኛ እቆጥራለሁ።)

ብላንታየር ከግላስጎው በስተደቡብ ምሥራቅ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በክላይድ ወንዝ ዳር የምትገኝ መንደር ናት። በ1785 ዴቪድ ዴልና ጄምስ ሞንቲዝ የተባሉ ባለሀብቶች የወንዙን ጉልበት ተማምነው የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ አቆሙባት። ወንዝ ያለው ገጠር ውስጥ ነው፤ ሠራተኛ ደግሞ በገጠር ተሰብስቦ አይገኝም። ስለዚህ ኩባንያው ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን መንደርም መሥራት ነበረበት። ከሠራቸው ቤቶች አንዱ ሸትል ሮው የሚባለው ባለ ሦስት ፎቅ ረጅም ሕንፃ ነው። ስሙን የወሰደው ከሸማኔ መወርወሪያ ነው። በሕንፃው 24 ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል።

የሊቪንግስተኖች ክፍል ርዝመቱ 4 ሜትር ከ30፣ ወርዱ 3 ሜትር ገደማ ነው። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያደገ የአዲስ አበባ ሰው ስፋቱን ለመገመት አይቸገርም። ዴቪድ ማርች 19 ቀን 1813 የተወለደው እዚህ ነው። አግነስና ባሏ ኒል ሰባት ልጆች ወልደው ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው፤ ጆን፣ ዴቪድ፣ ጃኔት፣ ቻርልስና አግነስ አደጉ። ከወላጆቻቸው ጋር ሰባት ሰው መሆናቸው ነው።

ሰባት ሰው በዚያ ስፋት እንዴት ያድራል? መልሱ ግድግዳው ውስጥ ነበር። አልጋ እንደ ቁም ሣጥን ወደ ግድግዳው ገባ ተደርጎ ይሠራል፤ ቀን ቀን መጋረጃ ይሸፍነዋል። ከሥሩ ባለ መንኮራኩር ዝቅተኛ አልጋ ይገፋል። ማታ እራት ሲያበቃ ወንበሩ ወደ ጥግ ይሰበሰብና ያ አልጋ ይሳባል፤ ልጆቹ ተደራርበው ይተኙበታል። ጠዋት አልጋው ተመልሶ ሲገፋ ወለሉ እንደገና ማዕድ ቤት፣ መመገቢያ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ጸሎት ቤት ይሆናል። እሳት ያለው በአንድ ምድጃ ነው፤ የሚበስለውም፣ የሚሞቀውም፣ የሚደርቀውም እሱ ላይ ነው። በስኮትላንድ ክረምት ልብስ ውጪ አይደርቅም። ስለዚህ ውሃ የሚያንጠባጥብ አንሶላ ከምድጃው በላይ ተንጠልጥሎ፣ ከሥሩ ገንፎ እየተማሰለ፣ ከጎኑ ሕፃን እየተጣጠበ ነው ቀኑ የሚያልፈው።

ውሃ በባልዲ ከውጭ ተቀድቶ ደረጃ ይወጣል። እጣቢና ቆሻሻ ደግሞ በጠመዝማዛው ደረጃ ግድግዳ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ይደፋል። 24 ቤተሰብ በአንድ ሕንፃ ቀዳዳ ሲደፋ ደረጃው ምን ምን እንደሚሸት አንባቢ ያስበው። አግነስ በንጽሕናዋ የምትታወቅ ሴት ነበረች። በዚያ ደረጃ አጠገብ እየኖሩ በንጽሕና መታወቅ ምን ያህል ባልዲ ተሸክሞ መውጣትና መውረድ እንደሚጠይቅ ሳስብ፣ ልጁ በሩ ተቀርቅሮ ወለል ያጠበላት ለምን እንደሆነ ይገባኛል።

ቤተሰቡ ከድሃ ሁሉ የባሰ ድሃ አልነበረም። በ1861 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከስኮትላንድ መኖሪያ ቤቶች ሲሶ ያህሉ ባለ አንድ ክፍል ነበሩ፤ ወደ 8,000 የሚጠጉት መስኮት እንኳ አልነበራቸውም። የፒተር ፓን ደራሲ ጄምስ ባሪ በ1860 የተወለደባት ኪሪሚዩር የሸማኔዎች ከተማ ነበረች። አባቱ የእጅ ሸማኔ ነው፤ እሱም ከአሥር ልጆች ዘጠነኛው። በዚያ ቤት የሽመና ዕቃው ከቤተሰቡ ጋር አንድ ጣራ ይጋራ ነበር። የእጅ ሸማኔ ድሃ ቢሆንም የሥራ ሰዓቱን የሚወስነው ራሱ ነው፤ ቢያመው ይተኛል፣ ቢፈልግ ከነጋ በኋላ ይነሣል። ብላንታየር ግን የተለየ ነው። መኪናው የኩባንያው ነው፣ ቤቱም የኩባንያው ነው፣ ደወሉም የኩባንያው ነው።

ከደሴት የመጡ ሰዎች

ቤተሰቡ መሠረቱ ሌላ ቦታ ነው። የዴቪድ አያት፣ እሱም ኒል፣ በምዕራብ ስኮትላንድ ባሕር ውስጥ ካለችው ኡልቫ ከምትባል ትንሽ ደሴት በ1792 ገደማ መጣ። በደሴቲቱ የነበረችው ቁራጭ እርሻ የልጆቹን ቁጥር መቻል አቃታት። በዚያ ዘመን ከስኮትላንድ ደጋና ደሴቶች ወደ ፋብሪካ መንደሮች የሚፈልሰው ብዙ ነበር። አያትየው ኩባንያው ዘንድ ታማኝ ሆኖ ተገኘ፤ ከግላስጎው ወደ ፋብሪካው ከፍተኛ ገንዘብ የማመላለስ ኃላፊነት ተሰጠው፣ ሲያረጅም ጡረታ ተቆረጠለት። ቤት ሲገባ ታሪክ ነጋሪ ነው። እስከ ስድስት ትውልድ ያሉ የአባቶቹን ታሪክ ይቆጥር ነበር። አያትየዋ ደግሞ በጌሊክ ቋንቋ የጥንት ዘፈን ታንጎራጉራለች። ከፋብሪካው ደወል ማዶ የደሴቲቱ ሰዎች ገና በሕይወት ነበሩ ማለት ነው።

ከናፖሊዮን ጋር በነበረው ጦርነት ዘመን የሽማግሌው ልጆች አብዛኞቹ ወደ ጦርና ባሕር ኃይል ሄዱ። ቤት የቀረው ትንሹ ኒል ለዴቪድ ሀንተር፣ ለልብስ ሰፊው፣ ደቀ መዝሙር ሆኖ ተሰጠ። ስፌቱን አልወደደውም፤ የሰፊውን ልጅ ግን ወደዳት። በ1810 አግነስን አገባ። ሁለተኛው ልጃቸው ዴቪድ የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ ከልብስ ሰፊው አያቱ ነው።

ኒል መርፌውን ትቶ ሻይ ነጋዴ ሆነ። ሱቅ አልነበረውም፤ ሻይ ቅጠሉን ተሸክሞ ከመንደር መንደር፣ ከበር በር እየዞረ በትንሽ በትንሹ ይሸጣል። በዚያን ጊዜ የቻይና ሻይ ወደ ብሪታንያ የማስገባት መብት የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ብቻ ነበር፤ ይህ መብት ያበቃው በ1833 ነው። ቀረጡም ከባድ ስለነበር ሻይ በጥቂት ግራም የሚመዘን ውድ ዕቃ ነው። ኒል መጠጥ የማይቀምስ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፣ አጥባቂ ክርስቲያን ነበር። ሻይ ሊሸጥ በገባበት ቤት ሁሉ መንፈሳዊ በራሪ ጽሑፍ ያድላል። ልጁ በኋላ እንደጻፈው፣ አባቱ ለትንሽ ሻይ ነጋዴ ከሚገባው በላይ ሐቀኛ ስለነበር ሀብታም ሊሆን አልቻለም። እኔ ይህን ሳነብ የማስበው አግነስን ነው። የባል ሐቀኝነት ያጎደለውን ሚዛን የምትሞላው ሚስት ናት።

ዴቪድ ስለ እናቱ የሚያስታውሰው የመጀመሪያ ምስል ይኸው ነው፤ ገቢና ወጪን ለማገናኘት የምትጨነቅ የቤት እመቤት። በድሆች ቤት ዘወትር የሚታይ ነገር ነው ይላል። ጭንቀቱ የሚጀምረው ከአጃ ነው። በዘመኑ በስኮትላንድ ሠራተኛ ቤት ጠዋት የአጃ ገንፎ ይበላል፤ ማታም ብዙ ጊዜ እሱው ነው። አጃው ተፈጭቶ በእንጨት ሣጥን ይቀመጣል። የሣጥኑን ወለል ማየት የቤት እመቤት ትልቁ ፍርሃት ነው። ምሳ ድንች ወይም ገብስና ጎመን የገባበት ሾርባ ይሆናል፤ አልፎ አልፎ በጨው የተነከረ ዓሣ ይጨመራል። ሥጋ ብርቅ ነው።

ዓሣ ካልን አይቀር፣ ክላይድ በሳልመን የታወቀ ወንዝ ነበር። ግን ሳልመኑ የባለርስቶች ነው፤ ከደጅህ በሚያልፍ ወንዝ የያዝከው ዓሣ በሕግ ሌብነት ነው። አንድ ቀን ዴቪድና ወንድሞቹ አንድ ሳልመን ያዙ። ዓሣውን በታናሹ በቻርልስ ሱሪ እግር ውስጥ ከተቱትና መንደሩን አቋርጠው ወደ ቤት አመሩ። ቻርልስ ያነክሳል፤ መንገድ ላይ ያገኙት ሁሉ "ምስኪን፣ እግሩ እንዴት አብጧል!" እያሉ ያዝኑለታል። አጥባቂው አባት ዓሣው ማዕድ ላይ ሲቀርብ ምን እንዳለ ታሪኩ አይነግረንም።

በአሥር ዓመት ደመወዝተኛ

በ1823 ዴቪድ አሥር ዓመት ሞላውና ፋብሪካ ገባ። ሥራው የተበጠሰ ክር መቀጠል ነው። የመፍተያው መኪና ሠረገላ በመንኮራኩር ወደ ፊት እየወጣ ክሩን ይጎትታል፣ ያከራል፤ ከዚያ እየተመለሰ ይጠቀልላል። በመቶ የሚቆጠሩ ክሮች በአንድ ጊዜ ይወጠራሉ፤ ሁሌም አንዱ ይበጠሳል። ልጁ ከሠረገላው ጋር እየተመላለሰ፣ ጎንበስ እያለ፣ ሁለቱን ጫፎች በጣቶቹ አሽቶ ያገናኛል፤ ይህንንም ሠረገላው ሳይመለስ መጨረስ አለበት። ሕፃናት የተመረጡት ደመወዛቸው ትንሽ፣ ጣታቸው ቀጭን፣ ወገባቸው ተጣጣፊ ስለሆነ ነው። ጥጥ በደረቅና በቀዝቃዛ አየር ስለሚበጣጠስ ፋብሪካው ሆን ተብሎ ሞቃትና እርጥብ ይደረጋል። ከዚያ ሙቀት ወጥቶ ወደ ስኮትላንድ ብርድ መግባት በየቀኑ ነበር።

ሥራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ መሐል ላይ ለቁርስና ለምሳ እረፍት አለ። ይህ ከሕግ ውጭ የሆነ ነገር አልነበረም። በ1819 የወጣው አዋጅ በጥጥ ፋብሪካ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ከለከለ፤ ከ16 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ የምግብ ሰዓት ሳይቆጠር በቀን 12 ሰዓት ፈቀደ። የሚቆጣጠር ባለሥልጣን ግን አልመደበም። ደመወዝተኛ ተቆጣጣሪዎች የመጡት በ1833 በወጣው አዋጅ ነው፤ እነሱም ለመላው ብሪታንያ አራት ብቻ ነበሩ። ያኔ ዴቪድ 20 ዓመቱ ነበር።

ብሌይኪ እንደሚለው ዴቪድ መጀመሪያ ያገኛትን ሁለት ሺሊንግ ተኩል አምጥቶ እናቱ ጭን ላይ አስቀመጠ። ራሱ ዴቪድ ደግሞ ከመጀመሪያው ሳምንት ደመወዙ ላይ የላቲን ሰዋስው መጽሐፍ እንደገዛ ጽፏል። ሁለቱም እውነት ከሆኑ፣ እናትየው ገንዘቡን ተቀብላ ለመጽሐፉ መልሳ ቆርሳለታለች ማለት ነው። የአጃው ሣጥን በሚያስጨንቃት ቤት ለላቲን ገንዘብ መቁረስ ቀላል ውሳኔ አይደለም። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች ልጁን ሲያደንቁ ይህችን ውሳኔ ዘለው ያልፋሉ።

ከሥራ በኋላ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት የማታ ትምህርት ነበረ፤ የመምህሩን ደመወዝ በከፊል የሚከፍለው ኩባንያው ነው። የስኮትላንድ ሰው ልጅ ማንበብ እንዲችል ይፈልጋል፤ ሃይማኖቱ ራሱ መጽሐፍ ቅዱስን አንብብ ይለዋል። ዴቪድ በዘጠኝ ዓመቱ መዝሙር 119ን ከአምስት ስህተት በቀር በቃሉ ወጥቶ አዲስ ኪዳን ተሸልሟል፤ ያ መዝሙር 176 ቁጥር አለው። ይሁን እንጂ 14 ሰዓት ፋብሪካ ውስጥ ውሎ ትምህርት ቤት የሚቀመጥ ልጅ ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ገንፏቸውን በልተው እንቅልፍ ይጥላቸዋል፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ዴቪድ ግን ከትምህርት ተመልሶም እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ያነባል። በመጨረሻ እናቱ መጽሐፉን ከእጁ ነጥቃ ታስተኛዋለች። በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ካነበበ ሻማው ለሁሉም እንደሚበራ አንርሳ። የዴቪድ ላቲን የጃኔትን እንቅልፍ እየተሻማ ነው የተጠናው።

ፋብሪካም ውስጥ አንብቧል። መጽሐፉን ከመኪናው አካል ላይ አስደግፎ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነጥቃል። በኋላ አፍሪካ ውስጥ በጫጫታ መሐል ማንበብና መጻፍ የቻልኩት ከዚያ ልምድ ነው ብሏል።

ቤቱን የሚገዛው የአባት ሕግ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ በር ይዘጋል፤ ልጅ ሁሉ እስከዚያ መግባት አለበት። አንድ ምሽት ዴቪድ አምሽቶ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ አገኘው። አላለቀሰም፣ አላንኳኳም። ቁራሽ ዳቦ ከአንዱ ጋ አግኝቶ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሌሊቱን ሊያሳልፍ ተሰናዳ። ያገኘችው እናቱ ናት። ንባብም ያጋጫቸው ነበር። አባትየው መንፈሳዊ መጽሐፍ ይፈልጋል፤ ልጁ የሳይንስና የጉዞ መጻሕፍት ይወዳል። ለመጨረሻ ጊዜ በአባቱ የተገረፈው የዊልያም ዊልበርፎርስን መንፈሳዊ መጽሐፍ አላነብም ብሎ ነው። ዊልበርፎርስ በብሪታንያ ፓርላማ በባሪያ ንግድ ላይ የተነሣው ሰው ነው። ዴቪድም በኋላ ዘመኑ በምሥራቅ አፍሪካ የባሪያ ንግድ ላይ ጮኸ።

እዚህ ላይ የብላንታየር ቤት ያልተናገረው ነገር አለ። ዴቪድ በጣቶቹ ሲቀጥል የኖረው ጥጥ ከየት ነው የሚመጣው? በዚያ ዘመን የብሪታንያ ፋብሪካዎች ጥጥ አብዛኛው ከአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ይመጣ ነበር፤ የሚለቅሙትም ባሪያ የተደረጉ አፍሪካውያን ናቸው። በአባቱ ሻይ ላይ የሚጨመረው ስኳር እስከ 1834 ድረስ በካሪቢያን ደሴቶች በባርነት የተመረተ ነበር። ሁለት ሺሊንግ ተኩሏ እናቱ ጭን ላይ ከመድረሷ በፊት በሌላ ሰው ጉልበት ላይ ተረማምዳ ነው። ይህን ማለት የአሥር ዓመት ልጅን መክሰስ አይደለም። የድሃው ማዕድ የማን ላብ እንዳለበት ሳይናገሩ ስለ ድሃው ታታሪነት ብቻ ማውራት ግን ታሪኩን ማጉደል ነው።

የወጡትና የቀሩት

ዴቪድ በ19 ዓመቱ ወደ ፈታይነት አደገ። ሥራው ከባድ፣ ደመወዙ ግን ደህና ነበር፤ በጋውን ፈትሎ ያጠራቀመው ክረምቱን ያስተምረዋል። በ1836 ክረምት ከአባቱ ጋር በበረዶ እየተጓዘ ግላስጎው ገባ። ሕክምና ሊማር ነው። የኪራይ ቤቶችን ዝርዝር ይዘው ቀኑን ሙሉ ቢዞሩ ሁሉም ከአቅማቸው በላይ ሆነባቸው፤ በመጨረሻ በሳምንት ሁለት ሺሊንግ አንድ ክፍል ተገኘች። ብዙም አልቆየባትም። ከቤት ይዞት የመጣው ሻይና ስኳር ያለ ልክ እየቀነሰ አስቸገረው፤ አከራይቱ ትቀምሰው ነበር። በሁለት ሺሊንግ ተኩል ወደ ሌላ ቤት ተዛወረ። ግማሽ ሺሊንጓ የሻይ ማስጠበቂያ መሆኗ ነው።

በኋላ ዴቪድ ከማንም ሰው ሳንቲም ሳልቀበል ተማርኩ ብሎ ጽፏል። ኩራቱ የተገባ ነው። ነገር ግን ገንፎው በማን ተማሰለ? ሸሚዙ በማን ታጠበ? የአባቱ ሻይ ከየት ተቋጠረለት? እነዚህ በሺሊንግ አልተቆጠሩምና በሒሳቡ ውስጥ የሉም። በሒሳቡ ውስጥ የሌሉ ሌሎች ሁለት ሰዎችም አሉ፤ እህቶቹ ጃኔትና አግነስ። ጆን ካናዳ ገባ። ቻርልስ አሜሪካ ሄዶ ኦበርሊን ኮሌጅ ተማረ። ዴቪድ አፍሪካ ሄደ። ሁለቱ ሴቶች ሳያገቡ ከወላጆቻቸው ጋር ቀሩ። ቤተሰቡ በኋላ ጎረቤት ወዳለችው ሃሚልተን ከተማ ተዛወረ። በ1852 የዴቪድ ሚስት ሜሪ ሞፋት ልጆቿን ይዛ ከአፍሪካ ስትመጣ ያረፈችው እዚያው ነው። ከአማቶቿ ጋር ግን አልተስማማችም፤ ብዙም ሳትቆይ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ቅድስና የበዛበት ቤት ለምራት ይጠባል።

የመለያየቱን ቀን የምናውቀው ከእህቱ ትዝታ ነው። ኖቬምበር 16 ቀን 1840 ማታ ዴቪድ ሌሊቱን ሁላችንም ቁጭ ብለን እንደር አለ። እናቱ አልፈቀደችም። እሱና አባቱ ግን ስለ ወንጌል ሥራ ሲያወሩ አመሹ። አንድ ቀን ሀብታሞች ገንዘባቸውን በአደን ውሾችና በፈረስ ፋንታ በሚስዮን ላይ ማፍሰስን እንደ ክብር ይቆጥሩታል ተባባሉ። ሻይ አዟሪና ክር ፈታይ ስለ ሀብታሞች ገንዘብ አወጣጥ ሲመክሩ ማሰብ ፈገግ ያሰኛል። ሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሁሉም ተነሡ። እናቱ ቡና አፈላች። ዴቪድ መዝሙር 121ንና 135ን አነበበ፣ ጸለየ። ከዚያ አባትና ልጅ ወደ ግላስጎው በእግራቸው ተነሡ፤ በክላይድ ወደብ ላይ ተሰናብተው ልጁ ወደ ሊቨርፑል በሚሄደው መርከብ ተሳፈረ። ከዚያ በኋላ አልተያዩም። ዴቪድ በዲሴምበር 1856 ዝናው ቀድሞት አገሩ ሲገባ፣ ኒል በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ሞቶ ነበር። ልጆቹ ሃሚልተን ባለው መቃብር ላይ ድሆችና እግዚአብሔርን የሚፈሩ ወላጆች ስለሰጣቸው አምላክን የሚያመሰግን ጽሑፍ አስቀረጹ። አግነስ እስከ 1865 ኖረች።

ሸትል ሮው ሳይፈርስ ቆይቶ በ1929 ሙዚየም ሆነ፤ ሰፊ እድሳት ተደርጎለትም በ2021 ዳግም ተከፍቷል። የጥጥ ፋብሪካው ግን የለም። በማላዊ ያለችው ብላንታየር ከተማም በ1876 በስኮትላንድ ሚስዮናውያን ስትመሠረት የተሰየመችው በዚህች መንደር ነው።

የመንደሯ ሠራተኛ ኑሮ ግን በጥጥ አላበቃም። በክፍለ ዘመኑ ሁለተኛ አጋማሽ ብላንታየር የድንጋይ ከሰል አገር ሆነች፤ የከሰል ኩባንያዎችም እንደ ጥጡ ኩባንያ ለሠራተኛ ቤት ሠሩ። ሕጉ ያው ነው፤ ቤቱ ከሥራው ጋር ይሰጣል፣ ሥራው ሲቀር ቤቱ ይቀራል። ኦክቶበር 22 ቀን 1877 ዊልያም ዲክሰን በተባለው ኩባንያ ጉድጓድ ውስጥ ጋዝ ፈንድቶ ከ200 በላይ ወንዶችና ታዳጊዎች ሞቱ። በስኮትላንድ የማዕድን ታሪክ ከዚያ የከፋ አደጋ የለም። ሠራተኞቹ ስለሞቱ በሚስቶቻቸው ቤት ውስጥ የኩባንያው ሠራተኛ የሚባል ሰው አልቀረም። ስድስት ወር ገደማ ካለፈ በኋላ ኩባንያው ቤቱን ያለቀቁ 34 መበለቶችን ፍርድ ቤት ከሰሰ። ዳኛው ለኩባንያው ፈረደ፤ ሴቶቹም በሜይ 1878 ከነልጆቻቸው እንዲወጡ ተደረገ።